ደሴ ተቀምጦ የኮሚክና የጌም ጸሐፊ መሆን ይቻላል ወይ?

ሆጤ ልጅ (ክሩን የከፈተው) — ሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ደሴ ነው ያለሁት። የተመረቅኩት በአካውንቲንግ ነው፣ ቀን ቀን የምሠራው የአጎቴ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ነው። ማታ ማታ እጽፋለሁ። ልብ ወለድ አይደለም፤ በሥዕል የሚሄድ የኮሚክ ታሪክ ነው። አንዳንዴም ለጌም የሚሆን ታሪክ እሞክራለሁ። መሳል ግን አልችልም። የሳልኩትን ሰው እናቱም አታውቀውም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የማይስል፣ ኮድም የማይጽፍ ሰው በዚህ ሥራ እንጀራ ይበላል ወይ? ውጭ ያሉት ጸሐፊዎች እንዴት ገቡ? ደሴ ሆኖስ ከየት ይጀመራል? የምር ነው የምጠይቀው። «አዲስ አበባ ግባ» የሚለውን መልስ ጠግቤዋለሁ፣ እሱን ተውልኝ።

ሰኞ ገበያ — ሰኞ ማታ 3፡25

ወንድሜ ሱቁን ያዝ። ሚስማር የሚገዛ አይጠፋም።

እዚህ አገር መጽሐፍ የሚገዛው ሰው ስንት ነው? እሱ ራሱ ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ሲያይ «የልጆች ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጌም ደግሞ ፒያሳ ሄደህ ፕሌስቴሽን ቤት ግባ። የሚሰለፈው ልጅ የሚፈልገው ኳስ ነው። ታሪክ የሚያወራው ክፍል ሲመጣ ቁልፉን ደጋግሞ ተጭኖ ያሳልፈዋል። ተስፋ ላስቆርጥህ ብዬ አይደለም። ሒሳብ የተማርክ ሰው ስለሆንክ ሒሳቡን ሥራው ነው የምልህ።

ሸዋ በር — ሰኞ ማታ 4፡40

ሰኞ ገበያ ስለ ገበያው ያለው ትክክል ነው። ስለ ሙያው ግን አይደለም። ልጁ የጠየቀው ሙያውን ነውና እሱን ላውራ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

በዚህ ሥራ የፊት በር የለም። የኮሚክና የጌም ጸሐፊ ተብሎ ተመርቆ የገባ ሰው እኔ አላውቅም። ሁሉም የገባው በጓሮ ነው።

ፖል ዲኒን ውሰድ። የቴሌቪዥን ካርቱን ጸሐፊ ነበር። በ1992 ለባትማን ካርቱን አንድ ክፍል ሲጽፍ ለባትማን ጠላት ለጆከር አጃቢ የምትሆን ሴት አስፈለገችው። ሃርሊ ክዊን የተፈጠረችው እንዲያ ነው፤ መልኳን ያወጣላት ብሩስ ቲም ነው። በ1994 ሁለቱ የእሷን ታሪክ በኮሚክ አወጡትና የአይዝነር ሽልማት አገኙበት። ከዚያ ሮክስቴዲ የሚባለው የለንደን ስቱዲዮ ጠራው። አርካም አሳይለም በ2009፣ አርካም ሲቲ በ2011 ወጡ። ስቱዲዮው የፈለገው ኮድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጆከር አፉን ሲከፍት ምን እንደሚል በእንቅልፍ ልቡ የሚያውቅ ሰው ነው የፈለገው።

ራያና ፕራቸት ደግሞ የጌም ጋዜጠኛ ነበረች። ስለ ጌም ስትጽፍ ስትጽፍ ጌሙን ራሱን ወደ መጻፍ ገባች። ሄቨንሊ ሶርድ በ2007፣ ሚረርስ ኤጅ በ2008፣ አዲሱ ቱም ሬይደር በ2013። ኮሚክም በእነዚሁ ጌሞች ታሪክ ላይ ጻፈች። የዲኒ መንገድ የተገለበጠ ማለት ነው።

አንቶኒ ጆንስተን የሚባለው እንግሊዛዊ ሁለቱን በአንድ እጅ ይዞ የሄደ ነው። ዴድ ስፔስ የሚባለው አስፈሪ ጌም በ2008 ሲወጣ ከጸሐፊዎቹ አንዱ እሱ ነበር። ከጌሙ በፊት የሆነውን የሚተርከውን ኮሚክም ጻፈ። በ2012 ደግሞ የራሱን የስለላ ኮሚክ አወጣ፤ ጥቁርና ነጭ፣ በርሊን ውስጥ የሚካሄድ። ሆሊዉድ በ2017 አቶሚክ ብሎንድ ብሎ ፊልም ሠራበት።

ሦስቱም ሲጀምሩ እጃቸው ላይ ያለቀ ሥራ ነበራቸው። ሐሳብ ብቻ ይዞ የተጠራ የለም።

ሆጤ ልጅ — ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

በጣም አመሰግናለሁ ሸዋ በር። ግን እነዚህ እዚያው የተወለዱ ናቸው። ስቱዲዮው አጠገባቸው ነው። ለኛ የሚቀርብ የለም?

ቦርከና — ማክሰኞ ቀን 7፡00

አለ እንጂ። በምሳ ሰዓቴ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ካሜሩን ያውንዴ ውስጥ ኪሮኦ ጌምስ የሚባል ስቱዲዮ አለ። በ2016 ኦሪዮን የሚባል ጌም አወጡ። ታሪኩ ከአፍሪካ ተረትና እምነት የተቀዳ ነው። ገንዘቡን በከፊል ያሰባሰቡት በኢንተርኔት ከሕዝብ ነው፤ ታሪኩን በኮሚክም አውጥተውታል። ጋና ያለው ሌቲ አርትስም እንደዚሁ አንዱን ጀግና በኮሚክም በስልክ ጌምም ይሠራዋል።

እኛ አገር ደግሞ ጀምበር አለ። ኢታን ኮሚክስ፣ የብስራት ደበበ ሥራ፣ በ2018 የወጣ። አማኑኤል ጥላሁን የሚባል ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው ጀግናው። ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ! ደሴ ውስጥ ድንጋይ ብትወረውር የምትመታው እሱን ነው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጥቷል። ቀጥሎ ሐዊ የምትባል ጀግና መጣች። በጌም በኩል ቅኔ ጌምስ ኩኩሉን አውጥቷል፤ ከገበሬ እጅ የምታመልጥ ዶሮ ናት። ስለዚህ ባዶ ሜዳ ላይ አይደለህም።

አሁን ስለ ራሴ። ኮምቦልቻ ነኝ፣ ሶፍትዌር ተምሬ እዚሁ ነው የምሠራው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የስልክ ጌም እየሠራን ነው። መኪናው ይሄዳል፣ ዝናቡ ይዘንባል፣ ሰዎቹ ይንቀሳቀሳሉ። ግን አፋቸውን ሲከፍቱ ሁሉም እንደ ዜና አንባቢ ነው የሚያወሩት። ለምን? ፕሮግራመሩ ስለጻፈው። ፕሮግራመሩ እኔ ነኝ።

ሆጤ ልጅ — ማክሰኞ ቀን 7፡20

ኧረ አብሽሪ! ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው የሚያስፈልጋችሁ? ዋናውን ታሪክ ልጽፍላችሁ እችላለሁ። የሦስት ትውልድ ታሪክ አለኝ፣ ከሰገሌ ጦርነት የሚጀምር።

ቦርከና — ማክሰኞ ማታ 2፡05

ቀስ። የሦስት ትውልዱን አቆየው።

ጌም ውስጥ ከሚጻፈው ብዙው ታሪኩ አይደለም። ተጫዋቹ በጎን ሲያልፍ የሚሰማት ቁራጭ ንግግር ናት። ለምሳሌ የኛ ጌም የሚጀምረው ደሴ መናኸሪያ ነው። ረዳቱ ይጣራል፦ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!» እሺ። ተጫዋቹ መናኸሪያውን አሥር ጊዜ ይመላለስበታል። ያቺኑ ድምፅ አሥር ጊዜ ከሰማ ድምፁን ይዘጋዋል። ስለዚህ ለአንድ መጣራት ብዙ ዓይነት ይጻፋል። ሲዘንብ ሌላ። መኪናው ሊሞላ ሲል ሌላ። ተጫዋቹ ሳይከፍል ሮጦ የወረደ ጊዜ ደግሞ ስድብ፣ ግን ልጆች ስለሚጫወቱት ሥርዓት ያለው ስድብ። ይሄ ሁሉ የሚጻፈው ኤክሴል ላይ ነው። በአንዱ ዓምድ ማን እንደሚናገር፣ በሌላው መቼ፣ በሦስተኛው ንግግሩ። አካውንታንት መሆንህ ለካ ለዚህ ነው!

ሌላው የአማርኛው ጣጣ ነው። ተጫዋቹ ወንድም ሴትም መሆን ይችላል። ረዳቱ «ግባ» ይበል ወይስ «ግቢ»? ሽማግሌ ከሆኑስ «ይግቡ»? አንዷ መስመር ሦስት ሆነች፤ ድምፁን የሚቀዳው ሰውም ሦስቴ ይከፈለዋል። እኔ እዚህ ላይ ነው የተጣበቅኩት። ጎበዝ ጸሐፊ ግን ያመልጣታል። «ቦታ አለ፣ መግባት ነው!» ካለ ለሁሉም ይሆናል፣ ረዳትም እንዲህ ይላል። እንዲህ የሚያስብ ሰው ነው የጠፋን።

ሐረጎ — ማክሰኞ ማታ 2፡30

ሹፌር ነኝ፣ በዚሁ መስመር። ሁልጊዜ አነባለሁ፣ ጽፌ አላውቅም። ይሄን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ረዳት «አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ መኪናው ባዶ ነው ማለት ነው። የምር አንድ ሰው ሲቀረው አይጣራም፣ በሩን ይዞ ዝም ብሎ ነው የሚያይህ። ጌማችሁ ውስጥ ይግባ።

ቦርከና — ማክሰኞ ማታ 2፡33

ሃሃሃ ገብቷል። አሁኑኑ።

ሆጤ ልጅ — ረቡዕ ማታ 3፡00

እሺ፣ የጌሙን እሞክራለሁ። ቦርከና፣ በውስጥ መስመር ጽፌልሻለሁ። እስከዚያው የኮሚክ ስክሪፕቴን አንድ ገጽ ልለጥፍና ፍረዱኝ።

*ገጽ 1፣ ሥዕል 1። ሐረጎ። ጭጋግ ነው። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን እየወረደ ነው። ሰሚራ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስልኳ ይጠራል፣ ታነሳለች፣ የሰማችው ነገር ያስደነግጣታል፣ ስልኩን ዘግታ ወደ ሹፌሩ ትጮኻለች፣ ሹፌሩም ዞሮ ያያታል።*

*ሰሚራ፦ ሹፌር! አባቴ ነው የደወለልኝ፣ ኮምቦልቻ መግቢያው ላይ ድልድዩ ተቆርጧል፣ ከኛ ቀድመው ያለፉት ሁለት መኪኖች እዚያው ቆመዋል፣ እባክህ ቀስ በል፣ እኛም ሳንገባበት!*

ሐረጎ — ረቡዕ ማታ 3፡12

በዚያ ቁልቁለት ዞሮ የሚያይ ሹፌር ካለ ታሪክህ ገጽ 1 ላይ ያልቃል።

ባለ ብሩሽ — ረቡዕ ማታ 4፡20

እኔ የሱቅ ሰሌዳና የመኪና ጽሑፍ ነው የምሠራው፣ ደሴ አራዳ። ኮሚክ ግን ከልጅነቴ እስላለሁ፣ ለማንም አሳይቼ አላውቅም። እንደ ሰዓሊ ልናገር።

ይሄን አምጥተህ «ሳልልኝ» ብትለኝ መጀመሪያ የምጠይቅህ «የቷን ሰሚራ?» ብዬ ነው። ስልኩ ሲጠራ ያለችውን? ስታነሳ? ስትደነግጥ? ስትጮኽ? አንድ ሥዕል ውስጥ አምስት ነገር አደረግካት። ሥዕል አይንቀሳቀስም ወንድሜ። አንድ ሥዕል፣ አንድ ቅጽበት። እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምከፋፍለው፦

*1። ጭጋግ። የመኪናው ሁለት መብራት ብቻ ይታያል። ምንም ንግግር የለም።*

*2። የሰሚራ እጅ። ስልኩ ላይ «አባዬ» የሚል ይነበባል።*

*3። ፊቷ፣ በጣም ቀርቦ። «ምን? የቱ ድልድይ?»*

*4። የሹፌሩ መስተዋት። ውስጡ ሰሚራ ተነሥታ ትታያለች። «ሹፌር! አቁም!»*

የተቆረጠውን ድልድይ አንባቢው ገጹን ሲገልጥ ይየው። ይሄ የኮሚክ ትልቁ መሣሪያ ነው። የምታስደነግጠውን ነገር በግራ ገጽ፣ ማለትም ከተገለጠ በኋላ አስቀምጥ። በቀኝ ካስቀመጥከው ዓይን ቀድሞ ያየዋል። ጸሐፊው ገጹን ሲቆጥር ይሄን አብሮ መቁጠር አለበት።

ንግግሩም ረዝሟል። አለን ሙር የሚባለው የኮሚክ ጸሐፊ እንዳወራው፣ ድሮ ዲሲ ኮሚክስ ውስጥ ሞርት ዋይዚንገር የሚባል ኃይለኛ አዘጋጅ በአንድ ገጽ ከ210 ቃል አትለፉ ይል ነበር። ገጹ ላይ ስድስት ሥዕል ቢኖር ለአንዱ 35 ቃል ማለት ነው። ያ በእንግሊዝኛ ነው። የኛ ቃል ይረዝማል። «አልነገርኩሽም» ብለህ አንድ ቃል ስትጽፍ እነሱ አራት ቃል ጽፈዋል። ስለዚህ የአማርኛ ጸሐፊ 35 ቃል ንግግሩ የሚጻፍበት አረፋ ውስጥ ከጠቀጠቀ የሰሚራ ፊት ይሸፈናል።

አንድ ልጨምር፣ የሙያዬ ስለሆነ ነው። የነሱ ኮሚክ በአብዛኛው በትልቅ ፊደል ነው የሚጻፈው፤ ጩኸት ሲሆን ያደምቁታል፣ ያጋድሙታል። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። በኮምፒውተር ፎንት «አቁም!» ብትለው «ደህና ዋልክ?» ከሚለው አይለይም። ጩኸት በእጅ መጻፍ አለበት፣ በወፍራም ብሩሽ፣ የ«አ» እግር ተሰንጥቆ፣ የ«ም» ጭራ ተጎትቶ። የአማርኛ ኮሚክ ስክሪፕት ላይ ጸሐፊው ይሄንንም መጻፍ አለበት። የቷ ቃል በብሩሽ፣ የቷ በፎንት ብሎ።

ሆጤ ልጅ — ሐሙስ ጠዋት 12፡50

ክፍፍሉ አሪፍ ነው። ግን እንደዚህ ሁሉንም እኔ ከወሰንኩ ሰዓሊው ምን ቀረው? የማርቭሉ ጸሐፊ ስታን ሊ አጭር ታሪክ ብቻ ይሰጥና ሰዓሊዎቹ የቀረውን ይጨርሱ ነበር ሲባል አንብቤአለሁ። እሱ ከቻለ ለምን እኔ እያንዳንዱን ሥዕል እጽፋለሁ?

ሸዋ በር — ሐሙስ ቀን 6፡30

እውነት ነው፣ የማርቭል አሠራር ይባላል። በ1960ዎቹ ሊ ብዙ ኮሚክ በአንድ ጊዜ ይዞ ስለነበር የታሪኩን ፍሬ ነገር ብቻ ይነግራል። ሰዓሊው ገጹን ሙሉ ይስላል፣ ከዚያ ሊ ተመልሶ ንግግሩን አረፋው ውስጥ ያስገባል። ፋንታስቲክ ፎር በ1961 ሲጀመር እንዲህ ነው።

ግን ሰዓሊው ጃክ ኪርቢ ነበር። ኪርቢ ራሱ ታሪክ ፈጣሪ ነው። ግማሹን ታሪክ የፈጠረ ሰው ስሙ «ሥዕል» ከሚለው ፊት ብቻ ሲጻፍ ምን እንደሚሰማው አስበው። ማን ምን ፈጠረ የሚለው ጸብ ሁለቱም ከሞቱ በኋላ እንኳን አልበረደም። አንተ ሙሉ ስክሪፕት ጻፍ፣ ከዚያ ባለ ብሩሽ «እዚህ ጋ የተሻለ አለኝ» ካለህ ልቀቅለት። ሙሉ ስክሪፕት ስትጽፍ ቢያንስ ያንተ ድርሻ የቱ እንደሆነ ወረቀቱ ይናገራል።

ጋሼ ጦሳ — ሐሙስ ማታ 1፡45

ልጆች፣ ጨዋታችሁን ስከታተል ነበር። ጡረተኛ መምህር ነኝ። በጉብዝናዬ ጊዜ የሬዲዮ ድራማ እጽፍ ነበር።

ይህ «ወረቀቱ ይናገራል» የተባለው ነገር ላይ ልቁም። አንድ ድራማዬ በተላለፈ በዓመቱ፣ ሌላ ከተማ ሌላ ሰው ስሙን አስጽፎበት ሲተላለፍ ሰማሁት። የተፈራረምነው ነገር አልነበረም። ስለዚህ የምለው አልነበረኝም።

አሁን ሕግ አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996። በእኛ አቆጣጠር ነው። የደራሲው የገንዘብ ጥቅም መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ግን ተቀጥራችሁ ወይም በትእዛዝ የጻፋችሁት ሥራ፣ ውሉ ላይ ሌላ ካልተጻፈ በቀር ባለቤቱ አሠሪው ነው። ይህችን መስመር ወጣቶች አያነቧትም። ባለ ብሩሽና ሆጤ ልጅ አብራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃችኋል። ገጸ ባሕርይቱ የማን ናት፣ ገቢው እንዴት ይካፈላል፣ አንዱ ቢተው ሌላው መቀጠል ይችላል ወይ።

ሸዋ በር — ሐሙስ ማታ 2፡10

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉትን የሚያጠናክር ከዚያ ማዶ ያለ ታሪክ ላምጣ።

ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር፣ አንዱ ጸሐፊ አንዱ ሰዓሊ፣ በ1938 ሙሉ መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነው። 13 ገጽ፣ ለገጹ 10 ዶላር። ገጹን የሸጡ መስሏቸው ሰውየውን ሸጡት። ስማቸው ኮሚኩ ላይ የተመለሰውና አነስተኛ የዓመት ጡረታ የተቆረጠላቸው በ1975 ነው፣ ያውም ከብዙ ጩኸት በኋላ።

ሌን ዋይን የሚባለውም አለ። የማርቭሉን ጀግና ዎልቨሪንን ከፈጠሩት አንዱ እሱ ነው፣ በ1974። እኔ ግን ይበልጥ የሚገርመኝ የኋላው ነው። በ1980ዎቹ ዎችመን የሚባለው ታላቅ ኮሚክ ሲወጣ አርታኢው ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2009፣ የዎችመን ጌም ሲሠራ ጸሐፊው እሱ ሆነ። የባትማን መሣሪያ ሠሪ ሉሺየስ ፎክስም የእሱ ፈጠራ ነው። ፊልሞቹ ሲወጡ ከዎልቨሪን ይልቅ በሉሺየስ ፎክስ የተሻለ ገንዘብ ማግኘቱን ራሱ ተናግሯል። ዎልቨሪን እኮ ዓለም የሚያውቀው ነው! ልዩነቱ የአሳታሚዎቹ፣ የማርቭልና የዲሲ፣ ውል ነው።

በዚህ የተነሣ ነው በ1992 ሰባት ታዋቂ ሰዓሊዎች ከማርቭል ወጥተው ኢሜጅ ኮሚክስን የመሠረቱት። እዚያ የሚታተም ኮሚክ የፈጣሪው ንብረት ነው።

የመድረኩ አስተባባሪ — ሐሙስ ማታ 2፡40

ከርዕሱ የወጡና ወደ ፖለቲካ የሄዱ መልሶች ተነሥተዋል። እባካችሁ።

ሰኞ ገበያ — ዓርብ ጠዋት 2፡00

ሁሉም ጥሩ። ገንዘቡስ? አንድ ሰው እንኳን ስለ ገንዘቡ አልመለሰም። የፈረንጁን የሕይወት ታሪክ አነበባችሁልን እንጂ።

ቦርከና — ዓርብ ቀን 7፡10

እመልሳለሁ። ውጭ የኮሚክ ጸሐፊ የሚከፈለው በገጽ ነው። አንድ ወርኃዊ ኮሚክ 20 ወይ 22 ገጽ ነው። ሰዓሊው በቀን አንድ ገጽ ከጨረሰ ጎበዝ ነው፣ ስለዚህ አንዷ ትይዘዋለች። ጸሐፊው ግን ይፈጥናልና ሁለት ሦስት ኮሚክ በአንድ ወር ይይዛል። ካልያዘ አይኖርም። የጌም ጸሐፊ ደግሞ ወይ ቅጥር ነው ወይ በኮንትራት ነው። ቅጥሩ ደሞዝ አለው፣ ጌሙ ሲያልቅ ግን ስቱዲዮው ሰው ይቀንሳል። ብዙዎቹ ኮሚክም ጌምም የሚጽፉት ፍቅር ብቻ ይዟቸው አይደለም፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እንዲይዛቸው ነው።

እዚህ? በዚህ ብቻ የሚኖር ሰው በግል አላውቅም። እኛ ለሆጤ ልጅ የምንከፍለው ጌሙ ሲሸጥ ድርሻ ነው። ይሸጣል ብዬ አልምልልህም።

ጋሼ ጦሳ — ዓርብ ማታ 1፡20

ሰኞ ገበያ የጠየቀው ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ በምኖርበት ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች በሥዕል የተደገፈ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ስለ ክትባት፣ ስለ ንጹሕ ውሃ። ያንን የሚጽፈው ሰው አለ፤ ይከፈለዋልም። ግን ብዙው ደረቅ ነው። ሰው በሰው ላይ ጣቱን ቀስሮ ሲመክር ብቻ ነው የሚታየው። ታሪክ የሚያውቅ ጸሐፊ ቢገባበት ምን ይለዋል?

ሸዋ በር — ዓርብ ማታ 1፡50

ጋሼ አገኙት! ያ ላይ ስለ ሽልማቱ ስጽፍ አይዝነር ብዬ ነበር። ሽልማቱ የተሰየመበት ዊል አይዝነር ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዘ ስፒሪት የሚባለውን የጋዜጣ ኮሚክ በ1940 የጀመረ ትልቅ ሰው። ከ1951 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል ምን ሲሠራ ነበር? ለአሜሪካ ጦር የመኪናና የመሣሪያ ጥገና መጽሔት በኮሚክ! ዘይት እንዴት ይቀየራል፣ ጠመንጃ እንዴት ይጸዳል። ወታደሩ ደረቁን መመሪያ አያነብም፣ ይሄን ግን ያነበው ነበር። ሰውየው እንጀራውን በዚህ በላ። ከዚያ በ1978 አ ኮንትራክት ዊዝ ጎድን አወጣ፣ ለአዋቂ የሚሆን ረጅም ኮሚክ መንገድ የከፈተው እሱ ነው። አንድ የጥገና መጽሔት ሃያ ዓመት ስትጽፍ ማሳጠር ትማራለህ።

ሐረጎ — ዓርብ ማታ 3፡05

የመኪና ጥገና በኮሚክ? ይሄማ ለኛ ነው የሚያስፈልገው።

ስሙኝ። ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ አዲስ ሹፌር ምን ያደርጋል? ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በፎሌ፣ ማርሽ ሳያስገባ፣ ይለቀዋል። ፍሬኑን ይዞ ይዞ ይወርዳል። የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ይሸታል። የተቃጠለ ጎማ ዓይነት ሽታ ነው፣ ከሸተተህ በጣም ዘግይተሃል። ከዚያ ፔዳሉ ባዶ ይገባል። መውረድ ያለብህ በከባድ ማርሽ ነው፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝልህ። ፍሬን የምትነካው እየለቀቅክ ነው። ይሄን መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ በቃል ሸምድዶታል፣ ቁልቁለቱ ላይ ግን ትዝ አይለውም። በሥዕል ቢያየው አይረሳውም ነበር።

ሆጤ ልጅ — ዓርብ ማታ 3፡30

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን እኔ እኮ ጀግና ያለበት ታሪክ ነው መጻፍ የምፈልገው። ስለ ፍሬን ጽፌ ጸሐፊ ነኝ ልበል?

ባለ ብሩሽ — ዓርብ ማታ 3፡41

ፍሬን እምቢ ያለው ሚኒባስ፣ ጭጋግ፣ ሐረጎ፣ ከኋላ ሰሚራ። ጀግና ካላገኘህበት ችግሩ ከፍሬኑ አይደለም።

ሰኞ ገበያ — ዓርብ ማታ 3፡50

ይሄማ ይሸጣል። መለዋወጫ የሚሸጡ ሰዎች አውቃለሁ። ኋላ ሽፋኑ ላይ የሱቃቸውን ማስታወቂያ ብታወጡላቸው የኅትመቱን ይሸፍናሉ፣ የሚጠየቁም ቢሆን እኔ እጠይቃቸዋለሁ። ከአራት ገጽ አይብለጥ። ሹፌር ረጅም አያነብም።

ሐረጎ — ዓርብ ማታ 3፡52

ማን አባቱ ነው አያነብም ያለው? ይሄን ሁሉ ክር ማን ያነበበው መሰለህ?

ሆጤ ልጅ — ቅዳሜ ማታ 2፡15

ትናንት ማታ ጀመርኩት። አራት ገጽ፣ በየገጹ ከአምስት ሥዕል ያልበለጠ። ሽታውን እንዴት እንደማሳይ ግን ግራ ገብቶኛል። ሽታ አይሳልም። «ይሸታል» ብሎ ሹፌሩ ከተናገረ ደግሞ ያ ጣት ቀስሮ የሚመክረው ዓይነት ይሆናል።

ሐረጎ — ቅዳሜ ማታ 2፡30

መጀመሪያ የሚሸታት ረዳቱ ነው፣ በሩ ጋ ስለሚቆም። አይናገርም። ሹፌሩን ያየዋል፣ ሻሹን አፍንጫው ላይ ያደርጋል፣ እጁ የበሩን መያዣ ይፈልጋል። ተሳፋሪው ያን ጊዜ ወሬውን ያቆማል።

ባለ ብሩሽ — ቅዳሜ ማታ 2፡34

ይሄን እስለዋለሁ። ንግግር እንዳታስገባበት።

ቦርከና — ቅዳሜ ማታ 2፡50

ይቺን ረዳት ለጌሙም እፈልጋታለሁ። ጋሼ ያሉትን ግማሽ ገጽ ስምምነት ስትጽፉ የኮሚኩንና የጌሙን መብት ለይታችሁ ጻፉ፣ በኋላ እንዳንጨቃጨቅ። ሐረጎም ስሙ ይግባ፣ ግማሹን ታሪክ የነገራችሁ እሱ ነው።

ጋሼ ጦሳ — ቅዳሜ ማታ 3፡10

ስምምነቱን ስታረቁት ላኩልኝ፣ አማርኛውን አይላችኋለሁ። እሑድ ከሰዓት ቤት ነኝ።

ባለ ብሩሽ — ቅዳሜ ማታ 3፡15

ሆጤ ልጅ፣ ስክሪፕቱን በፒዲኤፍ ላክልኝ እንጂ በዎርድ አትላክ። ስልኬ ላይ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ይሆናል።